ለብ ያለ ሙቀት

ደባርቅ አካባቢ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ብርድ መካሪ አያሻውም ብዬ አምን ነበር። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ የሊማሊሞ ነፋስ ጆሮዬን እየቆረጠኝ ነው ያደግሁት። ይኸው ትምክህቴ ግን እናቴን ሊያሳጣኝ ምንም አልቀረው።

ነገሩ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ለንደን ውስጥ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው የምኖርበት የጡብ ቤት ቦይለሩ ተበላሸ። ራዲያተር ሲባል የመኪናው ብቻ ትዝ ለሚለው አንባቢ ላስረዳ፤ በዚያ አገር በጋዝ የሚሠራው ቦይለር ውሃ ያሞቃል፤ ውሃው በቧንቧ እየዞረ በየክፍሉ ግድግዳ የተሰቀሉትን ብረቶች ያግላል። ራዲያተር የሚባሉት እነዚህ ብረቶች ናቸው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በእንግሊዝ አገር አዲስ የሚተከል የጋዝ ቦይለር፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ «ኮንደንሲንግ» የሚሉት ዓይነት መሆን አለበት።

አንድ ሠራተኛ መጥቶ አዲሱን ተከለና ውሃውን 80 ዲግሪ ላይ አድርጎት ሄደ። ቤቱ ሞቀ፤ የጋዙ ሂሳብ ግን ያው ሆነ። በሁለተኛው ዙር ያስጠራኋቸው ሽማግሌ ገና ከበር ሲገቡ ስለ ሙቀት አልጠየቁኝም። «የጭሱ መውጫ የት ነው?» አሉኝ። እሱን በዓይናቸው አይተው ካረጋገጡ በኋላ ነው ሜትራቸውን ያወጡት።

ጋዝ ሲነድ ከጭሱ ጋር የውሃ እንፋሎት ይወጣል። አዲሱ ቦይለር እንፋሎቱን ወደ ውሃ መልሶ ሙቀቱን ያስቀረዋል። ይህን በደንብ የሚያደርገው ግን ከራዲያተሮቹ ዞሮ የሚመለሰው ውሃ ከ55 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን ነው። እንግዲህ ውሃው ለብ ማለት አለበት ማለት ነው። ለብ ሲል ደግሞ ራዲያተሩ ይሰንፋል፤ 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ የብረቱ አማካይ ሙቀት ከ70 ወደ 50 ቢወርድ የሚሰጠው ሙቀት ግማሽ ያህል ይሆናል።

ሽማግሌው የመኝታ ቤቴን የውጭ ግድግዳ ለኩ፤ 12 ካሬ ሜትር። እንዲህ ያለ ጡብ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትርና ለእያንዳንዱ የዲግሪ ልዩነት 2 ዋት ያህል ያሳልፋል። ውጭው ዜሮ፣ ውስጡ 20 ሲሆን 480 ዋት መሆኑ ነው። መስኮቱ፣ ጣሪያውና በበሩ ሥር የሚገባው ነፋስ ሲደመሩበት ሺህ ዋት ግድም ሆነ። ግድግዳው ላይ ያለው ራዲያተር በ70 ዲግሪ 1,200 ዋት ይሰጣል፤ በ50 ዲግሪ 600 ያህል። «ወይ ብረቱን አስፋ፣ ወይ ክፍተቱን ድፈን» አሉኝ።

ያን ምሽት ትዝ ያለኝ ያደግሁበት ቤት ነው። ግድግዳው በድንጋይ የተካበ፣ በጭቃና በጭድ የተመረገ፤ ከብቱ ከታች፣ እኛ ከቆጡ ላይ። ዐርፎ የተቀመጠ ሰው ገላ 100 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ የላም ደግሞ ብዙ መቶ ዋት። የላም ገላ ሙቀት ከ39 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም፤ ግን ሰፊ ነው፤ ሌሊቱንም ሙሉ አይጠፋም። ሽማግሌው ግዛ የሚሉኝ ራዲያተር እቤታችን ገለባ ሲበላ ኖሯል! ጭሱስ? ጭሱ በሣሩ ክዳን እየሾለከ ይወጣ ነበር።

እናቴ ያን ቤት ትታ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ከገባች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። ብሎኬቱንና ቆርቆሮውን የላክሁላት እኔ ነኝ። ጎንደር ከደባርቅ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ብርዱም ይቀላል። እሷ ግን «ብርዱ አጥንቴ ገባ» ትለኝ ነበር፤ ማታ ማታም የከሰል ማንደጃ መኝታ ቤቷ ታስገባለች። ይህን አውቃለሁ። አዲሱ ዕውቀቴ አላስቀምጥ ብሎኝ ለእህቴ ደወልሁና በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ያለውን ክፍተት እንድታስደፍን አዘዝኋት። ስለ ከሰሉ አንድ ቃል አልተነፈስሁም።

ክፍተቱ በተደፈነ በሦስተኛው ሌሊት፣ ታኅሣሥ ውስጥ፣ እናቴ ከአልጋዋ ወደ በሩ ስትመጣ ወደቀች። እህቴ የመውደቋን ድምፅ ሰምታ በሩን ከፈተች። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ሲያወጣላት የኖረው እኔ በገንዘቤ ያስደፈንሁት ቀዳዳ ነበር። ሐኪም ቤት ሁለት ቀን ተኝታ ዳነች።

በጥምቀት ጎንደር ሄድሁ። ያን ጊዜ ሁሉንም በተራ አሰብሁት። ማንደጃው ከደጅ ቀረ። ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ አስመታሁ፤ አልጋዋን ከውጭው ግድግዳ አራቅሁ፤ ሲሚንቶው ወለል ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ። ማታ አምስት ሊትር ሙቅ ውሃ በጀሪካን ተሞልቶ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ እግሯ ሥር ይገባል። እናቴ ሁሉንም አየችና «ጥሩ ነው ልጄ፤ ላሟ ግን ትሻል ነበር» አለችኝ።

ለንደን ተመልሼ የመኝታ ቤቴን ራዲያተር በሰፊ አስቀየርሁ። ዛሬም ከእናቴ ጋር ስንደዋወል ከጤናዋ ቀጥሎ የምጠይቃት ማንደጃው የት እንዳለ ነው።

«ደጅ ነው ያለው፤ ደጅ! አንተ ልጅ፣ ባሕር ማዶ የሄድኸው ጭስ ልትጠብቅ ነው እንዴ?» ትለኛለች።