የመንግሥት መቀመጫ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ የታሪክ መምህራችን የአሜሪካን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንቶች ስም በቃላችን ያስጠኑን ነበር፤ እኛም ዋሺንግተን፥ አዳምስ፥ ጄፈርሰን እያልን እንደ ዳዊት ደገምነው። ስማቸውን ከነዘመናቸው አወቅነው እንጂ ሰዎቹን ምን እንደ ቸገራቸው አልጠየቅንም። ነገሩ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፥ ከሚዛን ወደ ቦንጋ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ፥ ከአንድ የቡና ገበሬ ሽማግሌ አጠገብ በተቀመጥሁበት ቀን ነው።

ሽማግሌው የቴፒ ሰው ናቸው። በአንድ የመሬት ጉዳይ ሚዛን ወደሚገኝ መሥሪያ ቤት መጥተው፥ ጉዳይዎ የሚታየው ቦንጋ ነው ስለ ተባሉ መንገዳቸውን ቀጥለዋል። ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው በጋቢያቸው ሥር ይዘውታል። የመንግሥት ሠራተኛ መሆኔን ስነግራቸው፥ «ልጄ፥ አሁን የክልላችን ዋና ከተማ የትኛው ነው?» አሉኝ።

«አራት ናቸው አባባ፤ ቦንጋ፥ ተርጫ፥ ሚዛን አማንና ቴፒ።»

ጥቂት አሰቡና፥ «አራት ሚስት ያገባ ሰው ማታ የት እንደሚያድር ማን ያውቃል?» አሉ። የሰማው ተሳፋሪ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ይሁን እንጂ ሳቄን ሳልጨርስ የአባቴ ነገር ትዝ አለኝ። አባቴ የገጠር መምህር ነበር፤ በ2001 ዓ.ም. ሲሞት ከአገልግሎት ማኅደሩ አንድ ደብዳቤ ጎድሎ ተገኘ። በዚያን ጊዜ የእኛም አገር የክልል መቀመጫ ሐዋሳ ነበርና፥ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ እናቴ ቡና ሸጣ በሰጠችኝ ገንዘብ ተሳፈርሁ። የመጀመሪያውን ሌሊት ጅማ፥ ሁለተኛውን አዲስ አበባ አድሬ በሦስተኛው ቀን ሐዋሳ ገባሁ። የሚፈርመው ሹም ለስብሰባ ወጥቶ ነበር። ሁለት ቀን ደጅ ጠንቼ ስንቄ ሲያልቅ ባዶ እጄን ተመለስሁ። ደብዳቤውን ያገኘሁት በሦስተኛው ጉዞዬ ነው፤ ለመንገድ ያወጣነው ገንዘብ እናቴ በዚያ ዓመት ከሸጠችው ጀንፈል ዋጋ በለጠ።

ስለዚህ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የካፋ፥ የሸካ፥ የቤንች ሸኮ፥ የዳውሮና የምዕራብ ኦሞ ዞኖች ከኮንታ ልዩ ወረዳ ጋር ሆነው አዲስ ክልል ይመሠርቱ እንደ ሆነ ሕዝቡ ሲጠየቅ፥ እኔ ድምፄን የሰጠሁት ያንን የሦስት ቀን መንገድ እያሰብሁ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ቀን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ዐሥራ አንደኛው ክልል ሆኖ ተመሠረተ፤ ዶክተር ነጋሽ ዋጌሾም የመጀመሪያው ርእሰ መስተዳድር ሆኑ። ወዲያው ግን መቀመጫው የት ይሁን የሚለው ጥያቄ ነበረ። ቦንጋ የካፋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች፤ ሚዛን ንግዷንና ዩኒቨርሲቲዋን፥ ቴፒ ቡናዋን ትጠራለች፤ ተርጫም ለዳውሮ ሰው ቅርብ ናት። በመጨረሻ የርእሰ መስተዳድሩ መቀመጫ ቦንጋ ሆኖ የመንግሥቱ ሥራ ለአራቱ ከተሞች ተደለደለ።

በዚያን ሰሞን ነው የድሮው የታሪክ ትምህርቴ ሕይወት የዘራው። ጆርጅ ዋሺንግተን አፕሪል 30 ቀን 1789 ዓ.ም. (የአሜሪካኖቹን ዘመን በራሳቸው አቆጣጠር እጽፋለሁ) ቃለ መሐላ የፈጸመው በኒው ዮርክ ነበር፤ የአዲሱ መንግሥት ቋሚ መቀመጫ ግን ገና አልተወሰነም። ነገሩ ቀላል አልነበረም። በ1783 ዓ.ም. ደመወዝ ያልተከፈላቸው ወታደሮች በፊላደልፊያ ምክር ቤቱን ከበውት፥ የግዛቲቱ መንግሥት ጦሩን አልጠራም ስላለ እንደራሴዎቹ ከተማውን ለቀው ሸሽተዋል። ስለዚህ የማንም ግዛት ያልሆነ የራሳቸው መሬት ፈለጉ። የት? ሰሜኑ ወደ ሰሜን፥ ደቡቡም ወደ ደቡብ ሳበ።

በ1790 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሐሚልተን የየግዛቱን የጦርነት ዕዳ፥ ከሃያ ሚሊዮን ዶላር በላይ፥ ማዕከላዊው መንግሥት ይሸከም ቢል፥ የራሷን ዕዳ በብዙው የከፈለችው ቪርጂኒያ እንቢ አለች። ቶማስ ጄፈርሰን በኋላ እንደ ጻፈው፥ በጁን ወር ሐሚልተንንና ጄምስ ማዲሰንን በኒው ዮርክ ቤቱ ለግብር ጠራቸው፤ ከማዕዱም ሲነሡ ዕዳው እንዲያልፍ፥ ከተማውም በደቡብ በፖቶማክ ወንዝ ዳር እንዲሠራ ተስማምተው ነበር። ፊላደልፊያ ለዐሥር ዓመት ማረፊያ ሆነች። ጄፈርሰን በዚያ ስምምነት ሐሚልተን አታለለኝ ብሎ ተጸጽቷል፤ እኔ ግን ከተማውን ካገኘ በኋላ የተጸጸተ ሰው ጸጸቱን እጠራጠራለሁ።

ቦታውን የመረጠው ዋሺንግተን በዲሴምበር 1799 ዓ.ም. ሞተ፤ በቤተ መንግሥቱ አንድ ቀን እንኳ አላደረበትም። ከግንባታው ሠራተኞች ብዙዎቹ ባሪያዎች ነበሩ፤ ኪራያቸውን የሚቀበሉት ጌቶቻቸው ናቸው። ጆን አዳምስ በኖቬምበር 1800 ዓ.ም. ሲገባ ቤቱ አላለቀም ነበርና ሚስቱ አቢጌል በትልቁ አዳራሽ ልብስ አሰጣችበት። አዳምስም ብዙ ወር አልተቀመጠም። በምርጫ ተሸነፈ፤ ጄፈርሰንና አሮን በር እኩል 73 ድምፅ ስላገኙ ምክር ቤቱ 36 ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ ጄፈርሰንን መረጠ። ማርች 4 ቀን 1801 ዓ.ም. ገና ሳይነጋ አዳምስ የተተኪውን በዓል ሳያይ በሠረገላ ወጥቶ ሄደ። አኩርፎ ሄደ ይሉታል፤ ቢያኮርፍም ወንበሩን ለቀቀ።

ይህን ሁሉ ለሽማግሌው በአጭሩ አጫወትኋቸው። የውሽውሽን የሻይ ተክል እያለፍን ነበር።

«ከሩቅ የሚመጣው ገበሬስ ስንት ቀን ይሄድ ነበር?» አሉኝ።

«ከተራራው ማዶ፥ ከኬንታኪ የሚመጣው ሳምንታት ይፈጅበት ነበር አባባ።»

«የእኔ ሁለት ቀን ነው» አሉና ዝም አሉ።

አራት መቀመጫ መኖሩን እስከ ዛሬ በሙሉ ልቤ አልወደድሁትም። የመዝገብ ቤት ሰው ነኝና ከከተማ ወደ ከተማ የሚዞር ማኅደር ምን ያህል ነዳጅና ምን ያህል ቀን እንደሚበላ ዐውቃለሁ። አሜሪካኖቹ ከተማ ለሌለበት ምድር ሰጡት፥ እኛ ለአራቱም አካፈልነው፤ ሁለታችንም የፈራነው ግን አንዱ ወገን መንግሥትን የቤቱ ዕቃ እንዳያደርገው ነው። ይህ ፍርሃት ደግሞ የጉዳይ ባለቤት ከሚሄድበት መንገድ ጋር መመዛዘን ነበረበት።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌውን በቦንጋ መናኸሪያ አገኘኋቸው። ወረቀቱ እንደ ትናንቱ በጋቢያቸው ሥር ነው።

«አለቀ አባባ?»

«ግማሹ ፈረሙልኝ። የቀረው ቴፒ ነው አሉኝ» አሉና ፊታቸው ፈካ፤ ቴፒ ቤታቸው ነውና። ወዲያው የሚዛን አውቶቡስ ረዳት ሲጣራ ሰምተው ተሰናብተውኝ ሄዱ።