የፈረምነው ለምን ነበር?

ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ስደርስ ሐሳቤን የሚይዘው መድፉ ሳይሆን ማገዶው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በ1850ዎቹ መጨረሻ እዚህ አስቀልጠው ወደ መቅደላ አስጎተቱት። እቶን ደግሞ ያለ ማገዶ አይነድም። የመድፉን ክብደት ሁላችንም እንናገራለን፤ የትኛው ጫካ እንደተመነጠረ ሲወራ ግን ሰምቼ አላውቅም። በዚያ ዘመን አዋጅ ይነገራል እንጂ አይመከርበትም።

*

ዛሬ አዋጁ ራሱ «ጠይቁ» ይላል። የ1995ቱ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299፣ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ለዚህ በሚጠራው ስብሰባ ላይ የሚታየው ግን ሁለት ሰዓት ገለጻ፣ ሃያ ደቂቃ ጥያቄ፣ ከዚያ ሻይ ነው። በመሃል የፊርማ ወረቀት ይዞራል። ገበሬው የፈረመው ለመገኘቱ ነው፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ለመስማማቱ ይነበባል።

*

«ሕዝቡን አወያየን» ይባላል፤ አወያዩ ብቻውን ሲናገር ውሎ።

*

በደቡብ ጎንደር ደጋ አገር በቀል ዛፍ የፈለገ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ። ዙሪያው ሁሉ እርሻ ነው፤ መሃሉ ላይ ጽድና ወይራ የከበቡት ደብር ይታያል። ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» የሚያውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ተመራማሪ ነው፤ በነዚህ ደኖች ላይ ዓመታት ሠርቷል። ከብት እንዳይገባባቸው በአንዳንዶቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተካበ። ድንጋዩ የተለቀመው ከአካባቢው ማሳ ነው፤ ስለዚህ ደኑ አጥር ሲያገኝ ለገበሬውም ማሳው ጠራለት። እዚህ ሰው መስማማቱን ለማወቅ ቃለ ጉባኤ ማገላበጥ አያስፈልግም፤ ካቡን ማየት ይበቃል።

*

ዓይኔ እንዳየው፣ የደብረ ታቦርን ዙሪያ ከፋብሪካ ይልቅ የለወጠው ባሕር ዛፍ ነው። ሁሉም በየማሳው ተከለ። አልፈርድም፤ ልጅ ያስተማረ፣ ቤት ያቆመ ዛፍ ነው። ግን ግምገማው የተበጀው ለፕሮጀክት ነው፤ የሺህ ገበሬ ትንንሽ ውሳኔ ሲደመር ማን ይገመግመዋል?

*

«የኔ ላም በብክለት ካልሞተች ምን አገባኝ?» የሚል አለ። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ያገባሃል ይለዋል። ማንም ሰው፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ ባይደርስም፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል፤ በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ሙከራው ግን ቀላል አይደለም። አፓፕ የተባለው የባለሙያዎች ማኅበር በአቃቂ ወንዝ ብክለት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከሶ ነበር፤ ክሱ ውድቅ ሆነ።

*

የሚቀጥለው ስብሰባ ሲጠራ፣ አንባቢ ሆይ፣ ወረቀቱ ከመዞሩ በፊት የጥናቱን ሪፖርት ይጠይቁ። ከፊርማዎ አጠገብም «የተገኘሁ» ብለው ይጻፉበት።