በቁልፍና በቁልፍ መካከል

ክራር ሲቃኝ ያየ ሰው፣ ቅኝት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጆሮ እንደሚወጣ ያውቃል። ቃኚው አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ክሩን ጠበቅ ላላ እያደረገ፣ አንዳች የሚጠብቀው ነገር እስኪመጣ ድረስ ያዳምጣል። ምን እንደሚጠብቅ ብትጠይቁት አይነግራችሁም፤ ሲመጣ ግን ፊቱ ይፈታል። ይህች ጽሑፍ ስለዚያ «ስለሚመጣው ነገር» ናት። መንገዷ ግን በአንድ አሮጌ የጌም ማጫወቻ ሆድ ዕቃ ውስጥ ያልፋልና፣ አንባቢ ሆይ፣ ትዕግሥትህን አትንፈገኝ።

መኖሪያዬ ጎሮ ነው፤ እንጀራዬ ደግሞ የባንክ መስኮት። ቀን የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ግጥም እሞነጫጭራለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ መበየጃ ጨብጬ አሮጌ ቺፖችን ማነካካት ጀምሬአለሁ። ጎረቤቶቼ «ባንክ ቤት የሚሠራው ልጅ ሬዲዮ ጠጋኝ ሆነ እንዴ?» ይላሉ አሉ። ሠፈራችን የአይሲቲ ፓርክ ያለበት ሠፈር ነውና፣ ቴክኖሎጂ በውርስ ያገኘኝ የሚመስላቸውም አይጠፉም። እኔ ግን ዕቃዬን የምሸምተው ከዚያ ከባለ አጥሩ ግቢ ሳይሆን፣ ጧት ጧት «ቁራሌው!» እያለ ከሚያልፈው ልጅና ከመርካቶው ምን አለሽ ተራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1980ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቤት ኮምፒዩተሮችና የቴሌቪዥን ጌሞች እንደ ዛሬው የተቀዳ ሙዚቃ አያጫውቱም ነበር፤ ማኅደረ ትውስታቸው ለዚያ አይበቃም። ስለዚህ ድምፁን እዚያው፣ በዚያው ቅጽበት የሚፈጥር ራሱን የቻለ ቺፕ ይገጠምላቸው ነበር። በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 በሆዱ የያዘው፣ ቦብ ያንስ የተባለ መሐንዲስ የነደፈው «ሲድ» የሚባል ቺፕ ሦስት ድምፅ በአንድ ጊዜ ያወጣ ነበር። ኮምፒዩተሩ ካረጀ በኋላ ቺፑ አላረጀም። በ1999 ኤሌክትሮን የተባለ የስዊድን ኩባንያ ይህንኑ ቺፕ ከልቡ አድርጎ የሙዚቃ መሣሪያ ሠርቶ ሸጧል። በየአገሩም በየጓዳው፣ የተጣለ ማሽን ፈትተው የሚዘምር ሣጥን የሚሠሩ ሰዎች አሉ። አንዱ ጎሮ ቢገኝ ምን ይገርማል?

ከቁራሌው የገዛሁት አንድ ጥቁር ሴጋ ነበር፤ በ1988 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው ዓይነት። ጌሙ ከሞተ ቆይቷል። ሽፋኑን ስከፍት ግን ዋይኤም 2612 የሚባለው የያማሃ ቺፕ፣ ሃያ አራት እግሮቹን እንደ አንበጣ ዘርግቶ ተቀምጧል። በጥንቃቄ አወጣሁት። ስለዚህ ቺፕ ሳነብ አንድ ነገር ቀልቤን ሳበው፦ ስድስት ድምፅ በአንድ ጊዜ ያወጣል፤ እያንዳንዱም ለብቻው ይታዘዛል። ስድስት! ከግድግዳችን ላይ የተሰቀለው የአባቴ ክራርም ስድስት አውታር ነው።

አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ሙዚቀኛ ተብሎ አያውቅም፤ ክራሩን ግን ዕድሜውን ሙሉ ለራሱና ለእኛ ሲደረድር ኖሯል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስትሮክ መታውና ግራ እጁ ከዳው። ክራር ደግሞ ሁለት እጅ ይፈልጋል፦ ቀኙ ክሩን ሲመታ የግራው ጣቶች የማይፈለገውን ዝም ያሰኛሉ። መቃኘቱም ጉልበት ይጠይቃል። እኔ ልቃኝለት እሞክርና «ተወው» ይለኛል፤ በቁጣ ሳይሆን በድካም። ክራሩ ግድግዳ ላይ ቀረ። ጆሮው ግን ደኅና ነው፤ ጆሮው እንዲያውም ከድሮው የተሳለ ይመስለኛል። ቺፑን በእጄ ይዤ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር፦ እጅ የማይጠይቅ፣ ጆሮ ብቻ የሚጠይቅ ክራር ቢኖርስ?

ቺፑ ድምፅ የሚፈጥርበት ብልሃት መሲንቆ ለሰማ ሰው አይርቅም። አዝማሪው ጣቱን በአውታሩ ላይ ሲያርገበግብ ድምፁ ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜውን እንሰማዋለን። አሁን ያ ጣት በሰከንድ መቶና ሁለት መቶ ጊዜ ቢርገበገብ ምን ይሆናል? ጆሮ ውዝዋዜውን መከተል ያቅተውና በምትኩ አዲስ የድምፅ ቀለም ይሰማል፤ ደወል፣ ነሐስ፣ የተነቀነቀ ክር። ይህን በ1967 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተዋለው ጆን ቻውኒንግ ነው። በኋላ ያማሃ የመጠቀሚያ ፈቃዱን ገዝቶ በ1983 ዲኤክስ 7 የተባለውን ዝነኛ ኪቦርድ አወጣ። የእኔ ቺፕ የዚያ ኪቦርድ ታናሽ ወንድም ነው፤ ያው ደም፣ ያነሰ ቁመት።

ታላቅዬው ወንድም ደግሞ ለእኛ ሙዚቃ እንግዳ አይደለም። ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደው እዚያው የቀሩት አንጋፋው ኃይሉ መርጊያ፣ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ «ሸሞንሟናዬ» የተሰኘውን ካሴት ሲቀዱ፣ ከልጅነት አኮርዲዮናቸው ጎን ሙግ፣ ሮድስ፣ ድራም ማሽንና ይኸው ዲኤክስ 7 ነበሩ። የባንድ ሥራ ለብቻቸው፣ በአንድ ሰው እጅ። ካሴቱ በ2013 በሸክላና በሲዲ እንደገና ታትሞ ዓለም አደመጠው። እርሳቸው በመካከሉ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነድተዋል፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስም ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ኋላ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር፣ ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጦ ስንኝ መቁጠር ያን ያህል አያሳፍረኝም።

አገር ቤትም በዚያው ዘመን ኪቦርድ እየነገሠ ነበር። የሰዓት እላፊው የሌሊት ክበቦችን አዳከመ፤ የሙሉ ባንድ ወጪም ከበደ። አንድ ኪቦርድና አንድ ድራም ማሽን የነሐሱን፣ የባሱንና የከበሮውን ወንበር ያዙ። ማንንም አልወቅስም፤ ያ ዘመን የሚወደዱ ዘፈኖች ሰጥቶናል። ነገር ግን ከኪቦርዱ ጋር አንድ ያልተጋበዘ እንግዳ አብሮ ገባ፤ እርሱም የአሥራ ሁለቱ ቁልፎች ሕግ ነው።

የፒያኖ ቅኝት አንዱን ኦክታቭ አሥራ ሁለት ቦታ እኩል ይከፍለዋል። እያንዳንዱ ቁልፍ፣ ነጭም ጥቁርም፣ ከበፊተኛው በስድስት በመቶ ገደማ ፈጥኖ ይንቀጠቀጣል። በሁለት ቁልፎች መካከል ሌላ ምንም የለም። የእኛ ቅኝቶች፣ ትዝታም ባቲም፣ አምባሰልም አንቺ ሆዬም፣ አምስት አምስት ድምፅ አላቸው፤ እነዚያ አምስቱ ግን በፒያኖው ቁልፎች ልክ ይቀመጡ ዘንድ ማንም አላዘዛቸውም። ክራር የሚቃኘው ለዘፋኙ ጉሮሮና ለቃኚው ጆሮ ነው። የ1983ቱ ዲኤክስ 7 ደግሞ ጠቅላላውን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል እንጂ አንዱን ቁልፍ ለብቻው ነጥሎ አይቃኝም። ስለዚህ ትዝታን መጀመሪያ ከኪቦርድ የሰማን የእኔ እኩዮች፣ ዘፈኑን ስንማር ሳናውቀው ጆሮአችንም አብሮ ተቃኘ።

አሮጌው ቺፕ የደነቀኝ እዚህ ላይ ነው። ቺፑ ቁልፍ የሚባል ነገር አያውቅም። ፒያኖ አይቶ አያውቅም። «ዶ» ወይም «ሬ» ብትለው አይገባውም፤ የሚገባው ቁጥር ብቻ ነው። ለምሳሌ በሴጋው ፍጥነት ሲሠራ፣ 644 ብለህ ብትጽፍለት የፒያኖውን መካከለኛ «ዶ» ያወጣል። ፒያኖ ለትዝታ ሦስተኛ ድምፅ የሚሰጠው ቁልፍ 811 ላይ ነው። ከእርሱ በታች ያለው ጥቁር ቁልፍ ደግሞ 766 ላይ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ፒያኖው ባዶ ነው፤ ቺፑ ግን 44 ደረጃዎች አሉት። አርባ አራት ድምፅ፣ ማንም ያልረገጠው መሬት!

ሥራው ብዙ ቅዳሜዎችን ፈጀ። ቺፑን ትእዛዝ የምትሰጠው አንዲት አርዱይኖ፣ ስድስት የሚነኩ የብረት ሰሌዳዎች፣ ስድስት እንደ ሬዲዮ ጣቢያ መፈለጊያ የሚዞሩ ማዞሪያዎች፣ ከእንጨት የተሠራ ሣጥን። አምስት ቮልት ስለሚበቃው፣ በእኛ ሠፈር ልማድ መብራት ሲጠፋ በስልክ ፓወር ባንክ ይሠራል። ድምፁን ክራር እንዲመስል ብዙ አልደከምኩም። ክሩ ሲመታ ቶሎ የሚነሳ፣ ቀስ ብሎ የሚከስም ድምፅ ከሆነ ለአባቴ ይበቃዋል ብዬ ነው። እርሱ የሚፈልገው ቅኝቱን ነው።

መጀመሪያ የፒያኖውን ቁጥሮች አስገብቼ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አኖርኩለት። አንድ በአንድ ነካቸው። ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ ቆም አለ፤ ደግሞ ነካት።

«ይህች ደስ ብሏታል» አለኝ።

«ጥሩ አይደለም እንዴ፣ አባዬ?»

«ትዝታ ላይ ይህን ያህል ደስታ አይገባም።»

ማዞሪያውን አሳየሁት። በደኅናው እጁ ያዘና ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ወደ ግራ አዞረው። አንገቱ ዘንበል አለ። ያ ከልጅነቴ የማውቀው፣ ከስትሮኩ ወዲህ ያላየሁት ዘንበል ማለት ነበር። ከዚያ እጁን አነሣና ፊቱ ተፈታ። በትንሿ ስክሪን ላይ ያለውን ቁጥር አየሁ፦ 801። ከፒያኖው ዝቅ ያለ፣ ከጥቁሩ ቁልፍ ከፍ ያለ፤ በዚያ ባዶ በተባለው መሬት ላይ።

የባንክ ሰው ነኝና ቁጥሩን በደብተሬ መዘገብኩ። የአባቴ ትዝታ ይኸው፣ አምስት ቁጥር ሆኖ በእጄ ገባ፤ ከእንግዲህ አይጠፋም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማዞሪያዎቹን ሆን ብዬ አዛብቼ ሰጠሁት። እንደገና ቃኘ። ሦስተኛዋ 796 ሆነች። ሌላ ቀን ሲመሽ 804። ሁሌም ከፒያኖው በታች፣ ሁሌም ከጥቁሩ ቁልፍ በላይ፤ ሁለት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ግን አላረፈችም።

ባንክ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይታለፍም። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ አምስት ብር ከጎደለ ያ አምስት ብር እስኪገኝ ቤቱ አይሄድም። አባቴን «የትኛው ነው ልክ?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥያቄው አስገረመው። «ያኔ ያኔ ነበር፤ ዛሬ ዛሬ ነው» አለኝ። «ሰው በዘፈነ ቁጥር እኩል ያዝናል?»

ብዙ ያሰብኩት ስለዚህ መልስ ነው። የአሥራ ሁለቱ ቁልፎች ጥፋት የተሳሳተ ቁጥር መስጠታቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ትክክለኛውን ቁጥር ፈልጎ መተካት። ነገር ግን 801ን ለዘላለም ብቸልሰው እኔም ሌላ ፒያኖ ሠራሁ ማለት ነው፤ አገርኛ ስም ያለው ፒያኖ። ቅኝት የሚኖረው በቁጥሩ ላይ አይደለም። የሚኖረው ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው እያዳመጠ በሚሄደው ሰው ውስጥ ነው። ያ ሰው ሲያልፍ የሚያልፈውም እርሱ ነው።

በዚህ ሐሳብ ብቻዬን አይደለሁም። ሙላቱ አስታጥቄ በ2007 እና 2008 በሃርቫርድ በነበሩበት ወቅት የኢትዮጵያን የባህል መሣሪያዎች የማዘመን ሥራ ሠርተዋል። «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚታወቀው እንደገና ሙሉ፣ እርሱ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ባለው ሙዚቃ የአገር ቤቱን መሣሪያ ከኮምፒዩተር ጋር አጋብቷል። ማሽን የባህል ጠላት ነው የሚል ክርክር ስሰማ ይህ ሁሉ ትዝ ይለኛል። ለመቃኘት ቦታ የሚተው ማሽን ወዳጅ ነው፤ የማይተው ደግሞ ከእንጨትና ከጅማት ቢሠራም ባዕድ ነው።

ስለዚህ ከሣጥኑ ላይ የማስታወሻውን ቁልፍ አነሣሁት። ስትዘጋው ቅኝቱን ይረሳል፤ ስትከፍተው መቃኘት አለብህ። ማዞሪያዎቹን አሁን አንዳንድ ማታ እኔም እይዛቸዋለሁ፤ አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ «ላላ አድርጋት... አይ፣ አበዛኸው... እዚያ!» ይላል። ስክሪኗን በወረቀት ሸፍኛታለሁ፤ ቁጥሩን እያየሁ የምማረው ነገር የለምና። «እዚያ» የሚለው ቃል ከአንደበቱ ከመውጣቱ በፊት እኔም ራሴ የሰማሁበት ቀን አለ፤ ጥቂት ቀን ነው፤ ግን አለ። በሣጥኑ ክዳን ውስጥ ማንም በማያይበት በኩል እነዚህን አራት ስንኞች በእርሳስ ጽፌአለሁ፦

ቁልፍና ቁልፍ መሀል ያለች ትንሽ ቦታ፣
ለጣቶች ብትጠብም ሰፋች ለትዝታ።
ቁጥሩን ለእኔ ስጡኝ፣ ልጻፍ በወረቀት፣
ጆሮው ግን የአባት ነው፣ ያልተጻፈ እውቀት።