መድኃኒት ማቆምም ሕክምና ነው



መድኃኒት ሲጀመር ሁሉም አስተማሪ ይሆናል። «ከምግብ በኋላ ዋጪው»፣ «ማታ ማታ ብቻ ነው»፣ «ከአረቄ ጋር እንዳይገናኝ» የሚል አይጠፋም። ስለ ማቆሙ ግን የሚናገረው ጥቂት ነው። በተለይ የድብርት መድኃኒት የሆነ እንደሆነ ነገሩ ሁሉ በሹክሹክታ ነው፤ ሲጀመርም በድብቅ፣ ሲቆምም በድብቅ። እኛ ዛሬ በዚህች ጋዜጣችን ላይ ብዕር ያነሳነው ስለዚሁ ስለ ማቆሙ ነው።

እኛ ፉሪ ውስጥ አንድ ግቢ ቤት ተከራይተን የምንኖር አራት ሴት ሰልጣኞች ነን። ከመካከላችን አንዷ፣ ይህን እንድንጽፍ ፈቅዳልናለች፣ ስሟን ግን እንዳናነሳ አደራ ብላናለች፣ አባቷ ካረፉ በኋላ እንቅልፍ ራቃት፤ እህል አስጠላት፤ ደብተር ገልጣ ፈዛ ትቀር ነበር። ጤና ጣቢያ ሄዳ አሚትሪፕቲሊን የሚባል ክኒን ማታ ማታ 25 ሚሊ ግራም ታዘዘላት። መጠኑ አነስተኛ ነው። ሳምንታት አልፈው ወራት ሲተኩ እንቅልፏም ሳቋም ተመለሰ። ታዲያ ክኒኑ ሲያልቅ «እኔ እንደሆነ ድኛለሁ፤ ደግሞ ለምን ልመላለስ?» አለችና ማስጨመሩን ተወችው።

ሦስተኛው ቀን ላይ ሆዷ ይታወክ፣ ራሷን ያዞራት ጀመር። ሌሊቱን በቅዠት ስትገላበጥ ታድራለች፤ ቀን ደግሞ በትንሽ በትልቁ ትቆጣለች። የቤታችን ሸንጎ በሦስት ተከፈለ። አንዷ «በሽታው ተመለሰባት» አለች። ሌላዋ «ኧረ ሱስ ሆኖባት ነው!» አለች። አከራያችን እትዬ ደግሞ «ልጄ፣ ጸበል ይሻልሻል፤ ይሄን መርዝ እርሺው» አሏት። ክፉ አስበው አይደለም፤ እንደ ልጆቻቸው የሚያዩን ደግ ሴት ናቸው። በመጨረሻ ግን «የሰጣት ሰው ያውቃል» ብለን በማግስቱ አብረናት ሄድን።

የተቀበለችን የአእምሮ ጤና ነርስ መጀመሪያ የጠየቀቻት ሁለት ነገር ነው። «መጨረሻ የዋጥሽው መቼ ነው? ይሄ ነገር የጀመረሽስ መቼ?» መልሱን እንደሰማች ነገሩ ገባት። ያስረዳችንን እንዲህ እናጠቃልለዋለን። ሰውነት መድኃኒቱን ለምዶ ሥራውን ከሱ ጋር አስተካክሎ ይኖራል፤ በአንድ ቀን ሲነጠቅ ይደናገጣል። ይህ የማቆም ምልክት ነው። መድኃኒቱ በተቋረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጀምራል፤ ብዙውን ጊዜም በፊት ያልነበረ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ቅዠት፣ አንዳንዱን ሰው ደግሞ ኤሌክትሪክ እንደ ነካው ብልጭ የሚል ስሜት። መድኃኒቱ ሲመለስ ቶሎ ይለቃል፤ ባይመለስም በብዙ ሰው ላይ በአንድ በሁለት ሳምንት ይበርዳል፤ የሚቆይባቸውም አሉ። ያገረሸ ድብርት ግን እንዲህ አይቸኩልም። በሳምንታትና በወራት ውስጥ ቀስ እያለ፣ የድሮውን መልኩን ይዞ ነው የሚመጣው።

«ታዲያ ሲስተር፣ ሱስ ሆነብኝ ማለት ነው?» አለቻት ጓደኛችን። «አይደለም የኔ እህት። ሱስ ጨምሩልኝ ጨምሩልኝ ይላል። አንቺን ክኒኑ አማረሽ?» አላማራትም ነበር። ስለ ጸበሉም ጠየቅናት፤ «ጸበሉንም ጠጪ፣ መድኃኒቱንም በሥርዓት አውርጂ፤ አይጣሉም» አለች።

የፉሪን ተራራ የወጣ ያውቀዋል። አቀበቱ ትንፋሽን ይፈትናል፤ ቁልቁለቱ ግን ጉልበትን። ሮጦ የወረደ ይወድቃል። ጓደኛችንም እንደ አዲስ ወደ 25 ተመለሰች፤ ከተረጋጋች በኋላ ወደ ግማሽ ፍሬ፣ ከዚያም ሌላ አነስተኛ እርከን ተጨምሮ፣ በየእርከኑ ሁለት ሁለት ሳምንት እየቆየች ወረደች። ይህ ለሷ የተሰፋ ልብስ ነው፤ ማንም እንዳይገለብጠው አደራ እንላለን። እኛ የጨመርነው ነገር ቢኖር አንድ ደብተር ነው፤ ቀን፣ መጠን፣ የእንቅልፍ ሰዓት፣ የዕለቱ ስሜት። ልክ የተማሪ ክትትል እንደምንይዘው ማለት ነው። አንድ መጥፎ ሌሊት ሲያጋጥማት ደብተሩን ገልጠን «አየሽ፣ ባለፈውም እርከን እንዲሁ ሆኖ በአራት ቀን አልፏል» ስንላት ትረጋጋለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ!

ይህ የኛ ቤት ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የጀርመን ተመራማሪዎች ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 79 ጥናቶች አሰባስበው በላንሴት ሳይካትሪ መጽሔት ላይ አውጥተዋል። የድብርት መድኃኒት ካቆሙት ከ100ው 31 ያህሉ ምልክት ታይቶባቸዋል፤ ሳያውቁት ባዶ ክኒን ሲወስዱ ቆይተው ካቆሙት ደግሞ 17 ያህሉ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ምልክቱ እውነት ነው፤ «የልብሽ ፍርሃት ነው» ተብሎ አይናቅም። ሁለተኛ፣ አብዛኛው ሰው ያለ ብዙ ችግር ያቆማል፤ ብርቱ ሥቃይ የደረሰበት ከ35 ሰው አንድ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዚያው መጽሔት ላይ ሆሮዊትዝና ቴይለር የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳስረዱት ደግሞ፣ አነስተኛዋ መጠን እንኳ በአንጎል ላይ ትልቅ ሥራ ስለምትሠራ፣ ከትንሽ ወደ ባዶ የሚደረገው የመጨረሻው እርምጃ ከሁሉም ሊከብድ ይችላል። ስለዚህ «ትንሽ ናት፣ ምን ታመጣለች» ማለት አያዋጣም።

መድኃኒቶቹም አንድ አይደሉም። ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ምልክቱ ዘግይቶና ቀለል ብሎ ይመጣል። ፓሮክሰቲንና ቬንላፋክሲን ግን ቶሎ ይወጣሉ፤ ምልክታቸውም ይበረታል። ቶሎ የሚወጣውን መድኃኒት አንድ ቀን ውጦ አንድ ቀን መዝለልም ማውረድ አይደለም፤ ሰውነትን ማወዛወዝ ነው።

ጊዜውም ይመረጥ። በፈተና ሰሞን ወይም የማስተማር ልምምድ በሚጀመርበት ሳምንት አይወረድም። ድብርቱ ከለቀቀ በኋላም መድኃኒቱ ለወራት የሚቀጥለው እንዳያገረሽ ነውና፣ «ድኛለሁ» ማለት ብቻውን የማቆሚያ ደወል አይደለም። እንቅልፍን በጫት እየገፉ ማውረድም የትኛው ምልክት የምን እንደሆነ ያምታታል። የተረፈ ክኒን ለጓደኛ አይታደልም፤ በተለይ አሚትሪፕቲሊን በብዛት ከተዋጠ ልብን የሚያውክ አደገኛ ነገር ነውና ከሕፃናት እጅ ይራቅ። ከሁሉም በላይ፣ በመሀል «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ብቅ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ብቻዋን ሳይተዋት በዚያው ሰዓት ወደ ቅርብ ጤና ተቋም መውሰድ ነው።

አንዳንዱ ሰው «አማኑኤል ሄደች እንዳልባል» እያለ ይሸሻል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል የብዙ ወገን መዳኛ እንጂ ማፈሪያ አይደለም። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች በአገራችን እየሠለጠኑ ወጥተዋል፤ በብዙ ጤና ጣቢያ የሚገኝ ባለሙያም ይህን ሥራ ያውቃል።

እንግዲህ ውድ ጓደኞቻችንና መምህራኖቻችን፤ ከአጠገባችን ክኒን የምትውጥ ብትኖር «እስካሁን አልተውሽውም?» አንበላት። «መቼ ነው ቀጠሮሽ? እንሸኝሽ?» እንበላት እንጂ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ የሚደብቀው ግን የሚስቅበት ስላለ ነው። ነገ በክፍላችን ፈዞ የሚቀመጥ ልጅ ቢገጥመን፣ ሳንስቅ የምናዳምጠው ዛሬ እርስ በርሳችን ከተለማመድነው ነው።

ጤና ለሁላችን!