ብርሃኑ እጅግ ቢበረታስ?

በጅማ ከተማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት ምሽት የጥንት የማስተማሪያ ደብተሬን ሳገላብጥ፣ በ1975 ዓ.ም. ከክፍሌ የኋላ ወንበር የተነሣች አንዲት ጥያቄ ትመጣብኛለች።

ያን ዕለት የማስተምረው አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ያብራሩትን ሕግ ነበር፤ ይኸውም ብርሃን ኤሌክትሮንን ከብረት ፈንቅሎ የሚያወጣው በብዛቱ ሳይሆን በቀለሙ ነው የሚለውን። ከዚንክ ላይ ቀይ ብርሃን የቱንም ያህል ቢበዛ አያወጣም አልኩ።

«መምህር፣ ብርሃኑ እጅግ፣ እጅግ ቢበረታስ?» አለ ልጁ።

«ሕግ ሕግ ነው፤ ተቀመጥ!» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ስቄአለሁ።

እውነቱ ግን ከልጁ ዘንድ ነበር። ፒዬር አጎስቲኒና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1979 በፈረንሳይ የዜኖን ጋዝን በብርቱ ሌዘር ሲመቱት፣ አቶሙ ስድስት ፎቶኖችን በአንድነት ውጦ ኤሌክትሮኑን ለቀቀ፤ ይባስ ብሎም ከሚያስፈልገው በላይ ተጨማሪ ፎቶን ሲውጥ ተገኘ። አንዱ ለብቻው የማይችለውን ብዙዎቹ ተረዳድተው ፈጸሙት። (በዚያ ዘመን ስለ ኅብረት መናገር ይወዱ የነበሩ ጓዶች ይህን ቢሰሙ ኖሮ የንግግራቸው መክፈቻ ባደረጉት ነበር።)

ብርሃኑ ከዚያም ሲበረታ፣ የሌዘሩ ኤሌክትሪካዊ ኃይል ኤሌክትሮኑን ከኒውክሊየሱ ጋር ያስተሳሰረውን ኃይል ይገዳደራል። አጥሩ ይጎብጣል፤ ኤሌክትሮኑም ሾልኮ ይወጣል። ወዲያው የማዕበሉ አቅጣጫ ሲገለበጥ ተወርውሮ ይመለሳል፤ ከቤቱ ሲገባም በጉዞ ያካበተውን ጉልበት በአዲስ ብርሃን መልክ ይለቀዋል። ክራር የሚመታ ሰው ተመሳሳዩን ያውቃል፤ አንድ ክር ሲነካ ከዋናው ድምፅ በላይ ቀጫጭን ድምፆች አብረው ይወጣሉ። አን ልዊሊዬና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 የታሕተ ቀይ ሌዘር በጋዝ ውስጥ ሲያሳልፉ ያገኙት በብርሃን ዘንድ ይህንኑ ነው።

እነዚህ ተደራርበው በአቶሴኮንድ የሚለካ የብርሃን ምት ይወልዳሉ። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ያሉት አቶሴኮንዶች ዓለም ከተገኘ ወዲህ ካለፉት ሴኮንዶች ይበልጣሉ። አጎስቲኒ እ.ኤ.አ. በ2001 ያገኙት ምት ዕድሜው 250 አቶሴኮንድ ነበር።

ሁለቱ ከፌሬንትስ ክራውስ ጋር የኖቤል ሽልማት ማግኘታቸው በታወጀበት ዕለት፣ መስከረም 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ልዊሊዬ በስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ ነበር። በዕረፍት ሰዓት ስልኩን ሰምተው፣ ወደ ተማሪዎቻቸው ተመልሰው ትምህርቱን ቀጠሉ።

ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። በደብተሬ ኅዳግ ላይ፣ «አያወጣም» ካልኩበት ቃል አጠገብ፣ በእርሳስ «ያወጣል» ብዬ ጽፌአለሁ።