ከከተማዋ ቀድሞ የወጣ ሕግ

ሕጉ ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ቁጭቱ እንዲህ ባልከፋ። አልዘገየም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ጅግጅጋ ገና በእጅ ሳለች። በ2000 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የከተማዋን ነዋሪ 126 ሺህ ገደማ አድርጎ መዝግቦታል። የአካባቢዋ ከተሞች ቀብሪ በያህ፣ አውበሬና ቶጎ ውጫሌ ደግሞ ከዚያ በብዙ ያነሱ ነበሩ። ቆሻሻቸው የት እንደሚጣል፣ ማን እንደሚያነሳው፣ በምን ፈቃድ እንደሚነሳ ለመወሰን ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም፤ ከእንግዲህም አይገኝም።

አዋጁን ዛሬ ስታነቡት የሚያናድደው ደካማ አለመሆኑ ነው። ቆሻሻ መሰብሰብ፣ ማጓጓዝና ማስወገድ የሚፈልግ ሁሉ ከከተማው አስተዳደር ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። አዲስ መጣያ ከመሠራቱ በፊት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ይደረግ ይላል። ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ለሆነ፣ ለማይበሰብስ ፌስታል ደግሞ የማምረቻም ሆነ የማስመጫ ፈቃድ መስጠትን ከልክሏል። ከእሱ አራት ዓመት ቀድሞ፣ በ1995 ዓ.ም.፣ ክልሎች የየራሳቸው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዲኖራቸው በሕግ ተደንግጎ ነበር። ስለዚህ ፈቃዱ ከታች፣ ክትትሉ ከላይ ተብሎ ሥራው በወረቀት ላይ ተከፋፍሏል።

ግን ክልከላው የቆመው ፈቃድ መስጫው ጠረጴዛ ላይ ነው። ወደ ጅግጅጋ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በዚያ ጠረጴዛ አያልፍም። ድንበር ላይ ያለችውን የቶጎ ውጫሌን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን ማስረጃ አይጠይቅበትም፤ ኮንትሮባንድ ፈቃድ አያወጣም፣ የፌስታሉን ውፍረትም አያስለካም። የገበያ ተቆጣጣሪ ቢመጣስ፣ ከሚሊ ሜትር ሦስት መቶኛውን በዓይኑ ይለየዋል? ሕጉን ለድንበር ከተማ የሚሆን አድርጎ የሚያበጅ መመሪያ ያስፈልግ ነበር።

እዚህ ላይ ነው አንጀቴ የሚቃጠለው። ከድንበሩ ማዶ፣ ሶማሌላንድ፣ ፌስታልን የከለከለችው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከእኛ ሁለት ዓመት ቀድማ። እሾህ ላይ ተሰክቶ የሚውለበለበውን ላስቲክ ሰዉ «የሐርጌሳ አበባ» እያለ ይጠራው ነበር። እነሱም ክልከላውን ማስከበር እንደከበዳቸው አይካድም። ቢሆንም በአንድ ገበያ ግራና ቀኝ ሁለት ሕጎች በአንድ ነገር ላይ ተስማምተው ቆመው ነበር። ነጋዴው ያው ነው፣ መኪናው ያው ነው፣ ብዙ ጊዜ ዘመዱም ያው ነው። የጅግጅጋ ሹማምንት ከሐርጌሳ ሹማምንት ጋር ቶጎ ውጫሌ ላይ ተገናኝተው «ይህ ዕቃ በእኔም በኩል አይገባም፣ በአንተም በኩል አይወጣ» ቢባባሉ ምን ያህል ገንዘብ ይፈጅ ነበር? አስመጪው በጥቂት ወራት ሌላ ዕቃ ይፈልግ ነበር። ያን ጊዜ ፌስታል ገና ሁሉ ሰው እጅ አልገባም ነበር፤ ብዙዎችም እንጀራ አልበሉበትም።

አሁን የጅግጅጋን ጫት ተራ እዩት። ከአወዳይ የመጣው ጫት ተፈትቶ ለእያንዳንዱ ገዢ በፌስታል ይታሰራል። ገዢው ጫቱን ይዞ ፌስታሉን ይጥለዋል፤ ነፋሱ ደግሞ አያርፍም። ሜዳው የግጦሽ መሬት ነው። ፌስታሉ ከፊት ሄዶ ፍየሏን ይጠብቃታል።

ጨው የነካውን፣ የጫት ገረባ የቀረበትን ፌስታል ፍየልም ላምም አትምርም። ጨጓራዋ ውስጥ አይፈጭም፣ ወደ አንጀትም አያልፍ፤ አንዱ ባንዱ ላይ እየተጠቀለለ ይከማቻል። ቦታ ስለያዘባት ሣር አትበላም፤ ሆዷ ተነፍቶ ጎኗ ይከሳል፣ ወተቷ ይነጥፋል። የሚያሟሟ መድኃኒት የለውም፤ ጨጓራዋን ቀዶ ማውጣት ብቻ ነው፣ ያን ደግሞ የትኛው አርብቶ አደር ለየትኛዋ ፍየል ያሠራል? በሬ ሲታረድ ፈርሱ መሬት ላይ ሲዘረገፍ ያየሁትን አልረሳውም፤ ከሣሩ ጋር እንደ ገመድ የተገመደ፣ አረንጓዴና ጥቁር፣ ሁለት እጅ የሚሞላ ላስቲክ። የከብቱ ባለቤት ሽማግሌ በእግራቸው ገለበጥ አድርገው ካዩት በኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ «አዴር፣ እኔ ድርቅ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። በሬው ያልወፈረው ዝናብ ጠፍቶ መስሏቸው ከርመዋል።

ወደ ሐርትሼክ ስትወጡ ነገሩ ከከብቱ አልፎ ሰው ጋ ይደርሳል። በዚያ ሜዳ ወንዝ የለም፤ ሕዝቡ የሚጠጣው በብርካ፣ ማለትም መሬት ውስጥ በተቆፈረ ማጠራቀሚያ፣ የያዘውን የጎርፍ ውኃ ነው። ጎርፉ የሚጠርገው ደግሞ ከመንደሩ ዳር የተጣለውን ሁሉ ነው። የብርካው መግቢያ በፌስታል ሲዘጋ ውኃው ሜዳ ላይ ፈሶ ይቀራል። ዝናብ በሚለመንበት አገር የመጣውን ዝናብ በፌስታል ማጣት!

የፌዴራሉ ተቆጣጣሪስ? የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት በ2005 ዓ.ም. ሚኒስቴር ሆነ፣ በ2011 ኮሚሽን ሆነ፣ በ2014 ተመልሶ ባለሥልጣን ሆነ። ስም በተቀየረ ቁጥር ማኅተም፣ መዋቅርና ሰው ይቀየራል። ክልሉን «የሰጠኸውን ፈቃድ አምጣ፣ መጣያህን አሳየኝ» የሚል ጠያቂ እንዲጠነክር ዕድሜ ሊሰጠው ይገባ ነበር።

ከላይ ጠያቂ እንደሚያስፈልግ ሌላው ዓለም የተማረው በመከራ ነው። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ፣ ቴነሲ፣ ኪንግስተን በተባለ ስፍራ የድንጋይ ከሰል አመድ የታቆረበት ግድብ ተደርምሶ ከአራት ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ዝቃጭ ወንዙንና መንደሩን ወረረው። የፌዴራሉ መንግሥት ከዚያ በኋላ የአመድ አወጋገድ ደንብ አወጣ። ቆይቶም፣ ፈቃድ የመስጠቱን ሥራ ራሴ ልሥራ የሚል ግዛት ሥርዓቱ ከፌዴራሉ እንደማያንስ እንዲያስመሰክር ተደረገ። አላባማ አመለከተች፤ በ2016 ዓ.ም. አይሆንም ተባለች። አመዱ ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር እንደተነካካ እንዲቀር ትፈቅዳለች ነው ምክንያቱ። እኔን ያስቀናኝ ያ «አይሆንም» የሚለው መልስ ነው። ሥልጣን ለታችኛው መስጠት ተገቢ ነው፤ ጅግጅጋን ከጅግጅጋ የተሻለ የሚያውቃት የለም። ግን ሥልጣኑ አቅም፣ ገንዘብና ጠያቂ ሳይከተለው ብቻውን ተላከ።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ አዋጅ አጽድቆ ፌስታልን ከነጭራሹ ከለከለ። አሥራ ስምንት ዓመት መሆኑ ነው። እደግፈዋለሁ፣ ይከበርም ዘንድ እመኛለሁ። ነገር ግን ፌስታል ይዞ የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል ሲል የማስበው ጫት ተራ የተቀመጠችውን እናት ነው። የመጀመሪያው ሕግ ሲወጣ ጥቂት አስመጪዎችን በር ላይ መያዝ ይበቃ ነበር። ዛሬ ተቆጣጣሪው እሷን፣ ጎረቤቷን፣ ወተት ሻጯን፣ ሱቁን ሁሉ መያዝ ሊኖርበት ነው። የቀን ትርፏ ለቅጣቱ አይደርስም፤ ጫቷን የምትጠቀልልበትን ሌላ ነገር ደግሞ በእጇ ያስጨበጣት የለም። ቶጎ ውጫሌ ላይ ያልተያዘው ጭነት እሷ ጉልት ላይ ሊያዝ ነው።