«ቀኑ ደርሶ ነው» አትበሉኝ

ወርቃማው ዓሣችን ብርቱካን ሞተ። ዛሬ ጠዋት ልጄ ልትመግበው የገንዳውን ክዳን ስታነሳ በጎኑ ተንሳፎ አገኘችው። ትናንት ማታ እኮ እንደ ልማዱ መስታወቱ ድረስ መጥቶ አፉን እየከፈተ ሲለምነን ነበር! ፎቶውን በለጠፍኩ ቁጥር ላይክ ስታደርጉለት የከረማችሁ ታውቁታላችሁና ማን እንደነበር አልነግራችሁም።

ቀኑን ሙሉ ምክንያት ስፈልግ ዋልኩ። እህቴ ከዲሲ በላከችልኝ መመርመሪያ ውኃውን ለካሁት፤ አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ። ዓሣ ያላችሁ እንደምታውቁት ድንገት ሲሞት መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ዓሣው የሚያስወጣውን አሞኒያ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ካልለወጡት ገንዳው መርዝ ይሆናል። የእኛዎቹ ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ክሎሪን እንዳልል ሰሞኑን የቧንቧ ውኃ አልጨመርኩም። ቤት ውስጥ ፍሊት የነፋ የለም። መብራት አልጠፋም፤ የአየር ፓምፑ ሲያጉረመርም ነው ያደረው። ፓምፕ ደግሞ እዚህ ከተማ ቅንጦት አይደለም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምንኖር ውኃችን የሚይዘው ኦክስጅን፣ ሙቀቱ እኩል ሆኖ እንኳ፣ በባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ሁለቱ ጓደኞቹ እዚያው ውኃ ውስጥ በሰላም መዋኘታቸው ነው።

«ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ውሰጂው» ያለችኝ ጓደኛዬ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። አልቀለደችም፤ ዓሣም እንደ በሬ ተመርምሮ የሞቱ ምክንያት ይፈለግለታል። ችግሩ ቶሎ መበስበሱ ነው፤ ስንጥቡማ ከሁሉ ይቀድማል። ውኃ ውስጥ ሞቶ ካደረ ሐኪሙ የሚያነበው ብዙ ነገር አይተርፍም።

«ዓሣ እኮ ነው፤ ዕድሜው ያው አጭር ነው» ላላችሁኝ፦ ወርቃማ ዓሣ በደንብ ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል። እንግሊዝ አገር ቲሽ የሚባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ከባዛር ሽልማት ሆኖ ቤት ገብቶ እስከ 1999 ቆየ። 43 ዓመት! ብርቱካን ገና ልጅ ነበር።

እሺ፣ ይኼ ሁሉ ይሁን። ከጠዋቱ ፖስት ሥር አንዳችሁ «አይዞሽ፣ ቀኑ ደርሶ ነው» ብላችሁ ጻፋችሁ። በቅንነት እንደጻፋችሁት አውቃለሁ። ግን ያቺ ቃል የት እንደምትወስደኝ ልንገራችሁ።

ትልቁ አጎታችን ሆዴን አመመኝ ብሎ በእግሩ ሄዶ ሆስፒታል ገባ። ሌሊቱን ሞተ። ምን ሆኖ ብለን ስንጠይቅ «ልቡ ቆመ» አሉን። ልቡ ሳይቆም የሚሞት ማን አለ? ደግመን ስንጠይቅ ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰው፣ ሐኪሙ ራሱ፣ «ቀኑ ደርሶ ነው፤ አትመራመሩ» አለን። በማግስቱ ቀበርነው። ድንኳኑ ውስጥ የመጣው ሁሉ ያንኑ ይል ነበር፤ እነሱ ይበሉ፣ ለቅሶ ደራሽ ሌላ ምን ይበል? የንስሐ አባታችን ቢሉት ደግሞ እምነቴ ነው፣ አሜን እላለሁ። ሐኪም ሲለው ግን በር መዝጋት ነው። ጣፊያ ይሁን፣ ትርፍ አንጀት ይሁን፣ የተሰጠው መድኃኒት ይሁን፣ ማንም አልነገረንም። አክስቴ እስካሁን ቡና አፍልታ ስትቀመጥ «የዚያን ቀን ምን አብልቼው ይሆን?» ትላለች። ምንም አላደረግሽም የሚላት አንድ ወረቀት ቢኖራት ኖሮ ይህን ሁሉ ጊዜ ራሷን አትከስም ነበር። ምክንያት የሞተውን አይመልስም፤ የቀረውን ሰው ግን ከጥፋተኝነት ያወጣዋል። እኛ ይህን ነው የተነፈግነው፣ እስከ ዛሬም ያበግነኛል።

ስለዚህ ልጄ «እማዬ፣ ለምን ሞተ?» ስትለኝ ያቺን ቃል ልሰጣት አልቻልኩም። «አላወቅኩም» አልኳት። «እኔ ትናንት ምግብ አብዝቼበት ነው?» አለች። አያችሁ? በሰባት ዓመቷ! አክስቴን የሰማሁ መሰለኝ። ቁጭ አድርጌ የውኃውን ውጤት አሳየኋት፤ ምግብ በዝቶ ቢሆን ኖሮ የተረፈው በስብሶ አሞኒያው ይጨምር ነበር፣ ይኸው ዜሮ ነው፣ አንቺ አይደለሽም አልኳት። ቀለሙን ከካርዱ ጋር ራሷ አስተያየችው። ሦስቴ። ከዚያ ቁርሷን በላች።

የቀሩትን ሁለት ዓሦች እየተከታተልናቸው ነው፤ ውኃውን ነገም እንለካለን። «ሌላ ልግዛልሽ» ያላችሁኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ አሁን ግን አይሆንም። በሽታ ከሆነም ገና አልለየለትም፣ እኛም ገና ነን። ስልክ አላነሳሁም ብላችሁ አትቀየሙኝ፤ ዛሬ ማውራት አልቻልኩም።